የእድር ማኅተም ያረፈበት የልጄ የዋስትና ደብዳቤ

ዛሬ በጠራራ ፀሐይ፣ ኮት ለብሼ፣ ከረባት አስሬ፣ በገዛ እግሬ ሄጄ የኮምፒውተር ጥፋተኛ መሆኔን አምኜ ፈርሜ መጣሁ።

እኔ!

በየሳምንቱ በዚህ ገጽ “የሰው ኢሜይል መክፈት ያሳስራል፣ የሰው ፋይል መነካካት ያስቀጣል” እያልሁ የምጮኸው እኔ! ባለፈው ሳምንት የጻፍሁትን ላይክ ያደረጋችሁ ሁሉ ላይካችሁን መልሳችሁ መውሰድ ትችላላችሁ። አልቀየምም።

ግን መጀመሪያ ስሙኝ። በጣም ተናድጃለሁ። በማን እንደተናደድሁ ገና በደንብ አልለየሁም። እየጻፍሁ እለየዋለሁ።

ለማታውቁኝ፣ የፋብሪካ ቦይለር ጥገና ሠራተኛ ነኝ። ዱርቤቴ ተወለድሁ፣ ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋረጥሁ፣ የቀረውን ራሴ አነበብሁ። ኮምፒውተርም ያስተማረኝ የለም። ከቢሮ የተጣለ አሮጌ ኮምፒውተር ፈትቼ፣ ገጥሜ፣ አቃጥዬ፣ እንደገና ፈትቼ ነው የተማርሁት። ሌላው ሰው ልብ ወለድ እንደሚያነብ እኔ አዋጅ አነባለሁ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁን ሁለት ጊዜ ጨርሼዋለሁ። የኤሌክትሮኒክ ፊርማውንም እንዲሁ።

ይኼን የምለው ለመመካት አይደለም። “ሳያውቅ ነው” ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ ነው። አውቅ ነበር!

ነገሩ የልጄ ነው።

ትርንጎ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። በኬሚስትሪ ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሆናት፤ ሁለቱንም ዓመት ቤት ተቀመጠች። የተመረቀ ልጅ ቤት ሲቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጎረቤት ሰላምታውን ሳይጨርስ “ልጅትስ፣ አሁንም አልያዘች?” ይላል። አልያዘችም! ምን ትሁን? ትስረቅ?

በዚህ ወር እግዜር አየንና የጣናን ውኃ የሚመረምር አንድ ድርጅት ፈትኖ አሳለፋት። ሥራው ጀልባ ላይ ሆኖ ከሐይቁ ውኃ መቅዳት፣ መለካት፣ መመዝገብ ነው። ልጄ ስትሰማ አለቀሰች። እናቷም አለቀሰች። እኔ ወደ ጓሮ ወጣሁ፤ የተላቀቀ ቆርቆሮ ነበር የምመታው።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ የዋስትና ደብዳቤ። መሣሪያዎቹ ውድ ስለሆኑ ቋሚ ደመወዝ ያለው ዋስ ይፈለጋል። ዋሱ እኔ ነኝ፤ ደብዳቤውን የሚጽፈው የምሠራበት ፋብሪካ ነው። የመጨረሻው ቀን ዛሬ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ካለፈ ቦታው ለተጠባባቂዋ ይሰጣል። ማስታወቂያው ላይ በደማቅ ጽፈውታል።

ትርንጎ ዛሬ ጠዋት ከድርጅቱ ባለሙያ ጋር ለሙከራ ወደ ሐይቁ መሄድ ነበረባት። በር ላይ ቆማ ጫማዋን እያሰረች፣

“አባየ፣ ደብዳቤው ዛሬ በኢሜይሌ ይገባል ብለውኛል። ስምንት ሰዓት ላይ እመለሳለሁ። እኔው እልከዋለሁ። እርስዎ ምንም እንዳይነኩ” አለችኝ።

“ምን እነካለሁ?” አልኋት።

“አባየ!”

“ሂጂ፣ ጀልባው ጥሎሽ ይሄዳል!”

አስተውሉ። አልነካም አላልሁም። “ምን እነካለሁ?” ነው ያልሁት። ጥያቄ ነው እንጂ ቃል ኪዳን አይደለም። በኋላ ይኼንኑ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር። የሰማኝ የለም።

ሦስት ሰዓት ላይ ከፋብሪካው ተደወለልኝ። “ጋሼ፣ ደብዳቤው ተፈርሟል፤ በልጅዎ ኢሜይል ልከነዋል” አሉኝ።

ዛሬ የዕረፍት ቀኔ ነው። ሥራ የለኝም። ሥራ የሌለው ሰው ደግሞ ያስባል።

ከምንኖርበት ከዘንዘልማ ሐይቁ አይታይም፤ ዛፉ ሲወዛወዝ ግን ይታያል። እኔም ዛፉን እያየሁ ማሰብ ጀመርሁ። ጣና ጠዋት ዝም ብሎ ከሰዓት ምን እንደሚያደርግ የማያውቅ አለ? ማዕበል ቢነሣስ? ሞተሩ ቢጠፋስ? በእምቦጭ ቢተበተብስ? ስልኳ ደግሞ ውኃ እንዳይነካው ዳር ላይ በቦርሳ ውስጥ ነው የሚቀረው፤ ነግራኛለች። ልጄ መሐል ሐይቅ ላይ ቆማ ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ነው!

አባት ምን ያደርጋል?

አባት ደብተሩን ያወጣል።

እዚህ ላይ አንድ የቤቴን ሕግ ልንገራችሁ። እኔ ቤት ልጅ ስልክ የሚገዛለት ፓስዎርዱን በእኔ ደብተር ላይ ጽፎ ነው። ሦስቱም ልጆቼ ጽፈዋል። ትርንጎ የጻፈችው ዘጠነኛ ክፍል እያለች ነው። እስከ ዛሬ ከፍቼ አላየሁትም። እውነቴን ነው፤ አንድም ቀን! ደብተሩ መኖሩ ብቻ ይበቃ ነበር።

ዛሬ ከፈትሁት። ቃሉን አስገባሁ።

ገባ!

አልቀየረችውም! ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ፓስዎርድ! “ፓስዎርዳችሁን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ” ብዬ ስንት ጊዜ ፖስት አድርጌአለሁ? ልጄ የአባቷን ገጽ አታነብም ማለት ነው። ኢሜይሏን በስርቆት ከፍቼ እየገባሁ እኔው ተቆጣሁ። ይኼን ነውር ልብ በሉልኝ።

ደብዳቤውን አገኘሁት። አነበብሁት። አጻጻፉ ጥሩ ነው። ስሜም፣ ደመወዜም ትክክል ነው። ወደ ግርጌው ወረድሁ።

ፊርማ የለም!

አንድ ሳጥን አለ። በሳጥኑ ውስጥ የሥራ አስኪያጁ ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ ከዚያ “በኤሌክትሮኒክ ተፈርሟል” ይላል። በቃ። ቀለም የለም። ቲተር የለም። ክብ ማኅተም የለም። ራቁቱን ነው!

አሁን እውነቱን ልናገር። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ በሕግ ከእጅ ፊርማ እኩል መሆኑን አውቃለሁ። እዚሁ ገጽ ላይ ጽፌ አስተምሬአችኋለሁ። አንዱ “ጋሼ፣ ታዲያ ማኅተም ቀረ ማለት ነው?” ብሎ ቢጠይቀኝ “ሕጉን አንብብ!” ብዬ መልሼለታለሁ።

ማወቅና ማመን ግን ለየቅል ናቸው።

እኔ ያደግሁት በማኅተም ነው። ወጣት ሆኜ አንድ ማስረጃ ይዤ ከዱርቤቴ ባሕር ዳር መጣሁ፤ “ማኅተሙ ፊርማውን አልነካም” ብለው መለሱኝ። አዎ! ማኅተሙ አለ፣ ፊርማው አለ፣ ግን አልተነካኩም። ማኅተም የፊርማውን ጅራት ካልረገጠ ዋጋ የለውም ተባልሁ። ሄድሁ። አስረገጥሁ። ተመለስሁ። “ቲተሩ ደብዝዟል” አሉኝ። እንደገና ሄድሁ!

ይኼ የድሮ ነው አትበሉኝ። ባለፈው ወር አንድ ቢሮ፣ ስሙን አልጠራም፣ የታናሹን ልጄን ወረቀት አገላብጦ “ማኅተሙ ሐምራዊ ነው እንጂ ሰማያዊ አይደለም” ብሎ መልሶናል። ዕድሜ ልኩን እንዲህ የተገረፈ ሰው አንድ ቀን ጠዋት ተነሥቶ ሳጥን እንዲያምን ትጠብቃላችሁ?

አንዳንዴ ሕግ ይወጣል፣ ፍርሃት ግን አይሻርም።

ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድሁና ደብዳቤውን አሳተምሁት። ከዚያ በቀጥታ መሪጌታ ቤት ሄድሁ።

መሪጌታ የእድራችን ሊቀ መንበር ናቸው፤ እኔ ጸሐፊው ነኝ። የእድሩ ማኅተም ከእሳቸው ዘንድ ነው። በመሐረብ ጠቅልለው፣ መሐረቡን በላስቲክ አስረው፣ ላስቲኩን በኪሳቸው ይዘው ይዞራሉ። ወረቀቱን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ ግርጌው አነበቡት።

“ፊርማው ወዴት አለ?”

“ይኼ ሳጥን ነው አሉ፣ መሪጌታ።”

“ይኼ?”

“አዎ።”

“ይኼማ የመድኃኒት ካርቶን ላይ የሚለጠፈው ነው!”

ተሣሣቅን። ከዚያ ፈገግታቸው ጠፋና፣ “ልጂቱ ሁለት ዓመት ተቀምጣለች። በዚች ምክንያት እንዳትመለስብን” አሉኝ። ልቤን የነካው ይኼ ነው። “እንዳትመለስብን” አሉ። እንደራሳቸው ልጅ።

“ማኅተም የሌለው ወረቀት መዝጊያ የሌለው ቤት ነው። የእኛን እናሳርፍበት። ቢጠቅም እንጂ አይጎዳም” አሉ መሪጌታ።

ቢጠቅም እንጂ አይጎዳም! ወገኖቼ፣ በዚህች አገር ስንቱ ነገር የተበላሸው “ቢጠቅም እንጂ አይጎዳም” ተብሎ ነው?

የሥራ አስኪያጁን ፊርማ አስመስዬ እንዳልፈረምሁ እወቁልኝ። እሱን እንኳን አላደርግም። “ደብዳቤው መኖሩን አይቻለሁ” ብዬ በራሴ ስም፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ ፈረምሁ። መሪጌታ ማኅተሙን ተፉበት አልልም፤ ግን ትንፋሽ ሰጡት። ያ ሳጥን ደግሞ ዓይኔን ስላስጠላኝ፣

“በላዩ ላይ ያሳርፉት፣ መሪጌታ” አልሁ።

ጧ!

ክቡ ማኅተም ሳጥኑን ሸፈነው። የፊርማዬንም ጅራት ረገጠው። እንዴት ያምራል! በሕይወቴ እንደዚያ የተስተካከለ ማኅተም አላየሁም።

ቤት ገብቼ በስልኬ ስካን አደረግሁት። የድርጅቱን መመዝገቢያ ገጽ በዚያው በትርንጎ ፓስዎርድ ከፈትሁና አስገባሁት። “ደርሶናል፣ እናመሰግናለን” አለ። አምስት ሰዓት ተኩል ነበር።

የልጆቼ እናት ይታይሽ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል።

“ልጂቱ አትንኩ ብላ አልነበር እንዴ የሄደችው?”

“ይኼ የሕግ ጉዳይ ነው፤ አንቺ ሕግ አታውቂም።”

“ሕግስ አላውቅም። ልጄን ግን አውቃታለሁ” ብላ ወጣች።

ሰባት ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ። የሴት ድምፅ ነው፤ ቤዛ እባላለሁ አለች፤ የድርጅቱ የሕግ ክፍል ባለሙያ ናት።

“የትርንጎ አባት ነዎት? ስልኳ ስላልተነሣ እርስዎ ጋ ደወልኩ። በደብዳቤው ጉዳይ ቢመጡ ጥሩ ነበር።”

የሕግ ክፍል! እኔ ምን መሰለኝ? ሊያመሰግኑኝ መሰለኝ! “እንዲህ የተሟላ ሰነድ አቅርቦ የሚያውቅ የለም” ሊሉኝ መሰለኝ። ኮቴን አስተኮስሁ። ከረባት አሰርሁ። ሚኒባስ ውስጥ ከረባት ያሰርሁ እኔ ብቻ ነበርሁ፤ የዓባይን ድልድይ ስንሻገር ረዳቱ “ሽማግሌ ሊሆኑ ነው፣ አባት?” አለኝ። “ዋስ ነኝ” አልሁት፣ ደረቴን ነፍቼ።

ቢሮው ሐይቁ ዳር ነው። ገባሁ። ቤዛ ወጣት ናት፤ በአነጋገሯ ከአዲስ አበባ የመጣች ትመስላለች። ተነሥታ በአክብሮት አስቀመጠችኝ። ሌሎች ሁለት ሠራተኞችም ጠረጴዛቸው ላይ አሉ። የኮምፒውተሯን መስታወት ወደ እኔ አዞረች። ያ ማኅተሜ ጎልቶ፣ ሰፍቶ ታየ። ዙሪያውን ያለውን ጽሑፍ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነበበች።

“…የቀብር ማስፈጸሚያና መረዳጃ እድር።”

ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

“አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና… ማን ሞቶ ነው?”

ከኋላ ያለው ሠራተኛ ሻዩን ተፋ።

እኔ አልሣቅሁም። ተቆጣሁ! “ማንም አልሞተም! ያለ ፊርማና ያለ ማኅተም የተላከ ደብዳቤ ነው የሞተው! እኔ ነኝ ነፍስ የዘራሁበት! ፊርማው የት አለ? እስቲ አሳይኝ!” አልሁ። ድምፄ ኮሪደር ድረስ ተሰማ አሉ።

ልጂቱ አልተቆጣችም። ያ ነው የባሰ ያናደደኝ።

“አባቴ፣ ይኼ ፊርማ ቀለም አይደለም። ከፋይሉ ጋር የታሰረ ነው። አንድ ፊደል ቢነካ እስሩ ይበጠሳል፤ እኛም ወዲያው እናያለን። እርስዎ ሲያሳትሙት ወረቀቱ ላይ የወጣው ጥላው ብቻ ነው። እና ጥላውም ላይ…” ብላ ወደ ማኅተሙ ጠቆመች።

አውቀው ነበር! ቃል በቃል ባይሆንም አውቀው ነበር። ጻፍሁት ብያችኋለሁ እኮ! በሁለት ሰዎች ፊት አንዲት የልጄ እኩያ የራሴን ፖስት ለእኔ አነበበችልኝ።

“ይኼ ይስተካከላል፤ ዋናውን ፋይል ከላካችሁ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጊዜ አለ” አለች። ልቤ መለስ አለ። ገና መለስ ከማለቱ፣

“ሌላው ነው ያስቸገረኝ” አለች። “ይኼ ሰነድ በትርንጎ መግቢያ፣ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው የገባው። በዚያ ሰዓት ትርንጎ ከእኛ ባለሙያ ጋር ጀልባ ላይ ነበረች። ስልኳም ያለው እዚህ ዳር፣ ሎከር ውስጥ ነው። ማን ነው የገባው?”



ከረባቱ አንገቴን ያዘኝ።

“እኔ ነኝ” አልሁ። መዋሸት አልችልም። ቢያምረኝም አልችልበትም።

“ፈቅዳልዎት ነው?”

ወገኖቼ፣ በዚህ ጊዜ ነው አዋጁ በጭንቅላቴ ውስጥ አንቀጽ በአንቀጽ መነበብ የጀመረው። ያለ ፈቃድ ወደ ሰው የኮምፒውተር ሥርዓት መግባት፤ እስራትና መቀጮ። ዳታ መለወጥ፤ እስራትና መቀጮ። ሐሰተኛ አድርጎ ማቅረብ፤ እስራትና መቀጮ። በቃሌ አውቀዋለሁ! በአንድ ጠዋት፣ ቁርስና ምሳ መሐል፣ ግማሹን አዋጅ ጥሼ መጣሁ።

አፌን ከመክፈቴ በፊት በሩ ተከፈተ።

ትርንጎ ናት። ስምንት ሰዓት ሆኗል። ልክ በሰዓቷ! ማዕበል የለም፣ የጠፋ ሞተር የለም። ሱሪዋ እስከ ጉልበቷ ረጥቧል፣ ፊቷ በፀሐይ ቀልቷል፣ እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። ዳር ላይ “የሕግ ክፍል ይፈልጉሻል” ብለዋት ነው የመጣችው። እኔን አየች። ከረባቴን አየች። መስታወቱን አየች። ማኅተሙን አየች።

ደስታው ከፊቷ ላይ ሲወርድ አየሁት። ውኃ ከዕቃ ላይ እንደሚወርድ።

ቤዛ ነገሩን ባጭሩ ነገረቻትና፣ “አባትሽ በአንቺ መግቢያ ገብተዋል። አንቺ ነሽ የሰጠሻቸው?” ብላ ጠየቀቻት።

ትርንጎ አንድ ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ፊቷን አዙራ፣

“አዎ፣ እኔ ነኝ የሰጠኋቸው” አለች።

ቤዛ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ቀስ ብላ።

“ትርንጎ፣ ዛሬ ጠዋት ጀልባ ከመሳፈርሽ በፊት የፈረምሽውን አንብበሻል? መግቢያሽን ለማንም አሳልፈሽ እንደማትሰጪ። የምትመዘግቢውን ዳታ ሌሎችም ይሠሩበታል። የሰጠሽ ከሆነ ልንቀጥርሽ አንችልም። ተጠባባቂዋን ነው የምጠራው።”

ልጄ ከንፈሯን ነከሰች። ቃሏን ግን አላነሣችም! እኔን ላለማሳሰር ሁለት ዓመት የጠበቀችውን ሥራ ጠረጴዛው ላይ ትታ ቆመች።

እኔ ምን አደረግሁ?

ተነሣሁና ጮኽሁባት!

“ውሸታም! እኔ እንዲህ ነው ያሳደግሁሽ? በቢሮ ቆመሽ ትዋሻለሽ?”

የእኔን ነገር አያችሁ? ልጂቱ ራሷን መሥዋዕት አድርጋ ታድነኛለች፣ እኔ ሥነ ምግባር አስተምራታለሁ! ሻዩን የተፋው ሠራተኛ አሁን ኩባያውን በእጁ እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

ከዚያ ወደ ቤዛ ዞርሁ። “አልሰጠችኝም። ዘጠነኛ ክፍል እያለች ደብተሬ ላይ ያስጻፍኋት እኔ ነኝ። ስልክ ለማግኘት ስትል ጻፈች። ያ መስጠት አይደለም፤ ያ መውሰድ ነው። ዛሬም ‘እንዳይነኩ’ ብላኝ ሄዳለች። ነካሁ። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው። ጻፊው” አልኋት።

“እርግጠኛ ነዎት? የሚጻፈው በእርስዎ ላይ ነው።”

“ጻፊው አልሁሽ፣ ልጄ።”

ጻፈችው። አንድ ሰሌዳ የምታክል ጠፍጣፋ መሣሪያ አቀረበችልኝ። “እዚህ ላይ በጣትዎ ይፈርሙ” አለችኝ።

በጣቴ! ያለ እስክሪብቶ! ፊርማዬ ወረቀት ላይ ስጨርሰው ጅራቱ የሚያምር ነው። በመስታወቱ ላይ ግን ጣቴ አንሸራተተኝና በዱላ የተመታ ጊንጥ መሰለ። በሕይወቴ የመጀመሪያው የኤሌክትሮኒክ ፊርማዬ ይኼው ነው። የእምነት ክህደት ቃል ላይ! ማኅተም ፈልጌ ዞር ዞር ስል ሁሉም አየኝ።

ቤዛ ቀጠለች። “በድርጅቱ ላይ የደረሰ ጉዳት ስለሌለ እኛ ወደ ፖሊስ አንወስደውም። ጽሑፉ ግን በፋይል ይቀመጣል። ኢሜይሉ ግን የትርንጎ ነው።” ወደ እሷ ዞረች። “አንቺስ፣ ታመለክቻለሽ?”

ትርንጎ ዝም አለች።

ዝም አለች!

እኔ ወዲያው “ኧረ እንዴት ብዬ!” ትላለች ብዬ ነበር። ዝም ብላ መስኮቱን፣ ሐይቁን ታያለች። ስንት ዓመት በዚህች ልጅ ላይ ስፈርድ ኖሬ፣ ፍርድ መጠበቅ ምን እንደሚመስል ያኔ አየሁት። ደስ አይልም።

“አላመለክትም። ግን ደብተሩ የእኔ ይሁን። የሦስታችንም ገጽ” አለች በመጨረሻ።

“ይሁን” አልሁ።

ከዚያ ስልኳን ከሎከር አመጣች። ዋናውን ፋይል ላከች። ቤዛ ከፈተችው። አንድ አረንጓዴ ምልክት ብቅ አለ፤ “ፊርማው ትክክል ነው፤ ሰነዱ አልተነካም።” ቲተር የለ፣ ሐምራዊ ሰማያዊ የለ፣ ጅራት ረገጠ አልረገጠ የለ። ሁለት ሴኮንድ!

ልጄ ተቀጠረች። ሰኞ ትጀምራለች።

እንኳን ደስ አላችሁ የምትሉኝ፣ ቆዩ። አላለቀም።

ስንወጣ በሐይቁ ዳር በእግር ሄድን። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ከረባቴን ፈትቼ ኪሴ ከተትሁት። ጥቂት እንደሄድን ወደ ለመድሁት ነገር ተመለስሁ።

“ለመሆኑ ፓስዎርድሽን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ለምን አልቀየርሽውም? ስንት ጊዜ ጽፌአለሁ?”

ቆመች። ዞር አለች።

“አነበዋለሁ፣ አባየ። ሁሉንም ነው የማነበው። ያልቀየርሁት ደብተሩ እርስዎ ዘንድ ስለሆነ ነው። እርስዎ አይከፍቱትም ብዬ ነው።”

የቦይለር ሙቀት ፊቴ ላይ የመታኝን ያህል ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁን ሁለት ጊዜ አንብቤ፣ የተሰበረው ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። በየትኛውም አንቀጽ የለም። መቀጮም አልተጻፈለትም።

አሁን በማን እንደተናደድሁ ለይቻለሁ።

ማኅተም አምጣ እያሉ ያመላለሱኝ ቢሮዎች ላይ ተናድጃለሁ፤ አልምራቸውም። አዋጅ አውጥተው ሰውን ሳያለማምዱ ዝም ባሉት ላይም። መሪጌታ ላይ አልተናደድሁም፤ እሳቸው ለልጄ ብለው ነው። እኔ ግን “ለልጄ ብዬ ነው” ማለት አልችልም። በልጄ ቦታ ሆኜ ነው የገባሁት። ሌባም እንዲሁ ነው የሚገባው።

እንዲህ ሆነና፣ ሚኒባስ መያዣው ጋ፣ ሰው እየሰማ፣ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ለልጄ “ይቅርታ አድርጊልኝ” አልኋት። የእኔ አባት ብለውኝ አያውቁም። የእሳቸውም አባት ያሉ አይመስለኝም። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እንደ ዛገ ብሎን ጮኸ።

“ይቅር ብያለሁ” አለች። ቀጠለችና፣ “ፓስዎርዱን ግን ቀይሬዋለሁ። እርስዎ ቢሮው በር ላይ ጫማዎን ሲያስሩ” አለች።

ቤት ስንደርስ ይታይሽ አንዴ አየችንና ገባት። “እህ? ሕጉ ምን አለ?” አለችኝ። ውኃ ጠጣሁ።

ስለዚህ ትምህርቱ ይኼ ነው፣ እናንተ ወላጆች፦ የልጃችሁን በር ሳታንኳኩ አትክፈቱ፤ በሩ የብረትም ሆነ የመስታወት። አዋጅ ስላነበባችሁም ሕግ አክባሪ የሆናችሁ እንዳይመስላችሁ። እኔ በቃሌ ይዤው ነው የጣስሁት።

ጥያቄዬ ግን ሌላ ነው። እራት ሊቀርብ ነው። ሦስቱም ልጆቼ ከብበው ተቀምጠዋል፤ ሁለቱ ታናናሾች ነገሩን ሰምተው ከንፈራቸውን ነክሰው ሣቅ ይዘዋል። ለልጁ ይቅርታ የጠየቀ አባት በምን ፊት ነው ማዕድ የሚባርከው?

የምታውቁ በኮሜንት ምከሩኝ። መሳደብ የምትፈልጉ ግን አስቡበት፤ እሱም በአዋጁ ያስጠይቃል!